የአባዬ እግር ልክ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 2

ይሄ ወር ወይ ሰው ያደርገኛል ወይ ይጨርሰኛል።

ዛሬ አንዲት ሙሽራ መጣች። ግራ እግሯ ከቀኙ በአራት ሴንቲ ሜትር ያጥራል። ሠርጓ ኅዳር መጨረሻ ላይ ነው፤ የምትፈልገው ደግሞ «ማንም የማያውቅብኝ ነጭ ጫማ»። አባዬ መስኮቱ ሥር ካለችው ወንበሩ ሳይነሳ፣ «እሱን ለእኛ ተይው፣ አንቺ ዳንሱን ተለማመጂ» አላት። ልጅቷ ሳቀች። «ለእኛ» ይላል እንዴ! ጡረታ ከወጣ ሁለት ዓመቱ ነው። ጡረታ ማለት ለእሱ ሱቁን ከእኔ ቀድሞ መክፈት፣ ክር እየሳበ ሥራዬን መተቸት፣ ምሳ ሲደርስ ደግሞ ደረጃውን ወጥቶ እማዬ ጋ መብላት ነው። ቤታቸው እዚያው ከሱቁ በላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው።

ከሥራ በኋላ ልምምድ ነበረን። የኳየራችን መሪ በሁሉም ፊት «ሦስተኛውን ዘፈን አንቺ ብቻሽን ትዘፍኚዋለሽ» አለችኝ። ኅዳር ሃያ አምስት፣ ትልቁ አዳራሽ! ቤት እስክደርስ እግሬ መሬት አልነካም። ለባለቤቴ ነገርኩት። «እንኳን ደስ አለሽ» አለና፣ «ታዲያ ማክሰኞና ዓርብ ሚጡን ማነው ከትምህርት ቤት የሚያመጣት?» አለኝ። እውነቱን ነው፤ የአውቶቡስ ሹፌር ፈረቃ አይለመንም። ግን አምስት ደቂቃ ደስ ብሎኝ እንድቆይ ቢተወኝ ምን ነበረበት?

ዓርብ፣ ጥቅምት 5

ለአባዬ ነገርኩት። ስነግረው ፈርቼ ነበር፤ በሠላሳ ስድስት ዓመቴ!

ነገሩ የቆየ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ላይ የሙዚቃ ትምህርት ቤቱን ፈተና አልፌ ስሜ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ነበር። በዚያው ሳምንት አባዬ አውራ ጣቱን በቆዳ መቁረጫው ቢላ ቆረጠው፤ ጅማቱ ድረስ። «ለሁለት ወር ብቻ እጅ ሁኚኝ» አለኝ። ሁለቱ ወር ይኸው አሥራ ሰባት ዓመት ወለዱ። ሥራውን አልጠላሁትም፣ ምን ያዋሸኛል? እወደዋለሁ። እያነከሰ የገባ ሰው ቀጥ ብሎ ሲወጣ ማየት ሱስ ነው፤ አንዴ ከለመዱት አይተዉትም። ግን ስለዚያ ትምህርት ቤት አባዬ አንድም ቀን አንስቶ አያውቅም። እኔም አላነሳሁበትም። በመሀላችን እንደተቀመጠ ዕቃ ዞረነው እናልፋለን።

ዛሬ ስነግረው ክር ማስገባቱን ተወ። መርፌውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ፣ «ፊት ወንበር ያዢልኝ» አለ። «ጠርዝ ላይ ይሁን፣ እግሬን እንድዘረጋ።»

ሌላ ነገር ይላል ብዬ ጠብቄ ነበር መሰለኝ። ምን እንደሆነ ግን አላውቅም።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 9

አባዬ ጫማውን አውልቆ ጠረጴዛዬ ላይ ዱብ አደረገልኝ። «ወስፌ፣ ይቺን ትንሽ አስፊልኝ፤ ዝናብ ገብቶባት ጠባለች።» ወስፌ የሚለኝ አፌ ይወጋል ብሎ ነው፤ ከልጅነቴ ጀምሮ።

ማስፊያው እንጨት ውስጥ ከትቼ ብሎኑን አጠበቅሁት። ጠዋት ይደርሳል። ዝናቡ እኮ ከቆመ ሰነበተ፤ ብቻ ቆዳ ዘግይቶም ይደርቃል።

የሙሽራዋን እግር በወረቀት ላይ ነድፌዋለሁ። ስለካት «ይሄ የማይረባ እግሬ» ብላ ጀመረች። አባዬ አላስጨረሳትም። «በዚህ ቤት እግር ጥፋት የለበትም! የማይረባው ጫማሽ ነው» አላት። ሥራ ስጀምር የተናገረኝ የመጀመሪያ ነገር ይሄ ነው። እግሩ እንዲህ ከሆነ፣ ጫማው እንዲያ ይሁን። የልክ ካርዱን አስተካክዪ፣ ጫማው የሚወጠርበትን የእንጨት ፎርማ ቅረጪ፣ አለቀ። ከእኛ ቤት አንድም ሰው አንገቱን ደፍቶ ወጥቶ አያውቅም። ሰው ይሙት፣ በዚህ ነገር እኮራለሁ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 13

ሚጡ ጉንፋን። ማስቲሽ አልቋል። የሙሽራዋ ግራ ፎርማ ተሰነጠቀ፤ እንደገና። ግጥሙን እስካሁን በቃሌ አልያዝኩም። አባዬ ጫማውን በድጋሚ አስፊልኝ አለ። በድጋሚ! ቆዳው ሊቀደድ ነው አልኩት። «አንቺ ካሰፋሽው አይቀደድም» አለኝ። ሽንገላ ሲያውቅበት!

ሐሙስ፣ ጥቅምት 18

ምሳ ልበላ ከአባዬ ጋር ስወጣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቆመ። የጎረቤት አበባ ያያል። አንድ ደረቅ አበባ፣ ያውም የጠወለገ፣ ምኑ እንደሚታይ እንጃ። «ሂጂ ሂጂ፣ እመጣለሁ» አለኝ። እኔ ሳህን ጨርሼ እሱ ገና ይገባል።

እማዬ ማድ ቤት ሆና ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ዛሬም ወንበር ላይ ነው ያደርከው» ስትለው ሰማሁ። ተኮራርፈዋል ማለት ነው። በአርባ ዓመት ትዳር እንዲህ ከሆነ እኔና ባለቤቴ ወዴት ነን? ልጠይቃት አሰብኩና ተውኩት። የሰው ትዳር ውስጥ ምን ጥልቅ አደረገኝ?

እሑድ፣ ጥቅምት 21

እነእማዬ ጋ ዋልን። እኔ ሶፋው ላይ ግጥሙን አጠናለሁ፣ ሚጡ ወለሉ ላይ አያቷ እግር ሥር ትጫወታለች። በድንገት «እማ! እማ! ነይ እዪ! የአያቴ እግር ላይ ጣቴን ስጫነው ጉድጓዱ አይጠፋም! እንደ ሊጥ!» ብላ ጮኸች።

«አያትሽን አታስቸግሪው» አልኳት፤ ከወረቀቴ ቀና ሳልል። አባዬም ካልሲውን ቶሎ ሳበው። «አስማተኛ ነኝ እኮ» አላትና ተሳሳቁ።

ግጥሙን ጨረስኩት። በቃሌ ነው፣ ከዳር እስከ ዳር!

ሐሙስ፣ ጥቅምት 25

አባዬ ጠዋት ሱቅ አልነበረም። ከእማዬ ጋር ለባብሰው ወጥተው ስድስት ሰዓት ላይ ተመለሱ። «ወዳጅ ልንጠይቅ» አለኝ። እማዬ ቀጥ ብላ ወደ ላይ ወጣች፤ ሰላም እንኳ አላለችኝም። ምን አድርጌያት ይሆን?

ከባለቤቴ ጋር ተጣላን። «ለሰው ሁሉ እግር ጊዜ አለሽ፤ ልጅሽ ግን በተቀደደ ጫማ ትምህርት ቤት ትሄዳለች» አለኝ። የጫማ ሠሪ ልጅ! አፈርኩ። እውነት ተቀዷል። ዛሬውኑ ሰፋሁት። ሥራው፣ ልጁ፣ ባሉ፣ ዘፈኑ፤ አንዱን ስይዝ አንዱ ከእጄ ያመልጣል። ሌሎች ሴቶች እንዴት እንደሚያደርጉት ጠይቄ ባውቅ።

ዓርብ፣ ኅዳር 3

አባዬ አዲስ ጫማ ሥሪልኝ አለ። አሮጌው አልገባ ብሎት ተረከዙን ረግጦ እንደ ነጠላ ጫማ ሲጎትተው ሰነበተ። ለራሱ ከእጁ ውጪ የተሠራ ጫማ አድርጎ አያውቅም። እኔ ስሠራለት የመጀመሪያዬ ነው።

የእሱን ካርድ አወጣሁ፤ ከተጻፈ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። የእግር ጀርባ ዙሪያ ሃያ ስድስት ሴንቲ ሜትር። ቁርጭምጭሚት ሃያ አራት። ተንበርክኬ ለካሁት። ሃያ ዘጠኝ ተኩል። ሃያ ስምንት።

ሜትሩ አርጅቶ ተኮማትሯል ብዬ አዲሱን አመጣሁ። ያው ነው። ቀና ብዬ አየሁት።

«ምን ታፈጪብኛለሽ?» አለኝ። «በአሥር ሰዓት ለክተሽኝ ምን ጠብቀሽ ነው? እግር ከሰዓት እንደሚወፍር ማነው ያስተማረሽ?» እሱ ራሱ ነው ያስተማረኝ፤ ለዚህም ነው ሰው ሁሉ ከሰዓት የሚለካው፣ ጫማው ማታ እንዳይጠብበው። «ደግሞ አርጅቻለሁ። የሽማግሌ እግር ይዘረጋል።»

እንደማንኛውም ደንበኛ ከአሮጌው ቁጥር ሥር አዲሱን ከነቀኑ ጻፍኩ። ሰፋ ያለ፣ ክር የሌለው፣ ከፊት የሚከፈት ይሁንልኝ ብሏል። ለስላሳዋን ቡናማ ቆዳ አውጥቻለሁ። ለማንም አልሰጥም ብዬ ያስቀመጥኳትን።

ሐሙስ፣ ኅዳር 9

የሙሽራዋ ሶል ተለጠፈ። የአባዬ ገበር ተሰፋ። ማክሰኞ ልምምድ ላይ ላይኛው ድምፅ እምቢ አለኝ፤ መሪያችን «እንቅልፍ ተኚ እባክሽ» አለችኝ። ከየት አምጥቼ?

አባዬ ሥራ ላይ ቁጭ ብሎ እንቅልፍ ይወስደዋል። በጡረታ ዕድሜው ቀንቻለሁ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 15

አባዬ አዲሱን ጫማ አደረገው! ሱቁን ከዳር ዳር ሁለት ጊዜ ተመላለሰበት። ከዚያ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ አተነፋፈሱን እስኪያስተካክል ድረስ ጠበቅሁ። ጫማውን እያገላበጠ ስፌቱን በጣቱ ዳሰሰ፤ ያኔ የቆረጠው አውራ ጣቱ አሁንም አይታጠፍም።

«በሕይወቴ እንዲህ ያለ ጫማ አድርጌ አላውቅም» አለኝ።

አሥራ ሰባት ዓመት! አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ከ«ምንም አይልም» በላይ ወጥቶት አያውቅም። የማስቲሹ ሽታ ነው ብዬ ወደ ጓዳ ገባሁና አለቀስኩ። ዛሬ የዓለም ደስተኛዋ ጫማ ሠሪ ነኝ፣ ይጻፍልኝ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 21

ጠበበው። አዲሱ ጫማ፣ በስድስት ቀኑ! ካልሲውን ሳወልቅ ስፌቱ እግሩ ላይ ታትሟል። ለካሁት፤ የእግሩ ጀርባ ሠላሳ አንድ። ምን ዓይነት እጅ እግር የሌለው ሥራ ነው የሠራሁት? ቸኩዬ ነዋ። አእምሮዬ ዘፈኑ ላይ ነበር፤ ለአባቴ የሠራሁትን አንድ ጫማ እንኳ ልኩን አልጠበቅሁም።

«እጅሽ ምንም አይወጣለትም» ይለኛል፤ እሱ እኔን ያጽናናል! ጎኑን ፈትቼ ቁራጭ ቆዳ ጨመርኩበት። አሁን ያንን ሁሉ ቁንጅና አበላሸሁት፤ ግን ይገባለታል።

ሐሙስ፣ ኅዳር 23

ሙሽራዋ ወሰደች። ሱቁ መሀል ላይ ዞር ዞር አለችበት፤ እናቷ አላወቀችባትም። አባዬ አጨበጨበላት፤ ከዚያ ሳል ያዘው።

ነገ የመጨረሻ ልምምድ። ቅዳሜ!

እሑድ፣ ኅዳር 26

ዘፈንኩ። ድምፄ አልከዳኝም። ላይኛውን ወጣሁት፤ አዳራሹ ጸጥ አለልኝ። ሰው ቆሞ አጨበጨበ። ባለቤቴ ሚጡን ትከሻው ላይ አድርጎ ሲያፏጭ አየሁት፤ በሰው ፊት የማያፏጨው ሰውዬ!

እና ከፊት ረድፍ፣ ጠርዙ ላይ፣ ሁለት ባዶ ወንበር፤ የአባዬና የእማዬ።

ስጀምር ነበሩ። ሳል ሰማሁ። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ዓይኔን ስጥል የሉም። አሥራ ሰባት ዓመት ጠብቄ አንድ ዘፈን፣ አራት ደቂቃ የማትሞላ፣ እሷን እንኳ አልተቀመጠልኝም። ቆሽቴ አረረ። ሲያልቅ መግቢያው ጋ፣ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። «ከበሩ ኋላ ሰማሁሽ። ግሩም ነበር» አለኝ አባዬ። እማዬም ራሷን ነቀነቀች።

«ከበር ኋላ ለመስማትማ ፊት ወንበር ምን አስያዘህ?» አልኩት። ትቻቸው ሄድኩ። ታክሲ እንኳ አልጠራሁላቸውም።

ሰኞ፣ ኅዳር 27

ሱቅ መጣ። አላናገርኩትም። አሥር ጊዜ ሊናገር ፈልጎ አሥር ጊዜ ተወው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ «ደክሞኛል» ብሎ ወጣ። ይድከመው አልኩ በሆዴ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 29

ሆስፒታል ነን።

ትናንት ጠዋት እማዬ ከላይ ጠራችኝ። እንደዚያ ስትጮህ ሰምቼ አላውቅም። አባዬ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ፣ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ ተክሎ፣ አየር ይፈልጋል። ከንፈሩ ጠቁሯል። በደረጃው እንዴት እንዳወረድነው አላስታውስም።

ሐኪሟ ወጣት ናት። ካልሲውን አውልቃ በጣቷ ተጫነችው። ጉድጓዱ ቀረ። የስምንት ዓመት ልጄ ያየችው ጉድጓድ።

«እብጠቱ መቼ ጀመረ?» አለች። እማዬ መሬት መሬት ታያለች። እኔ መለስኩ። ጥቅምት ዘጠኝ ጫማው ጠበበው። ጥቅምት አሥራ ሦስት እንደገና። ኅዳር ሦስት የእግሩ ጀርባ ሃያ ዘጠኝ ተኩል፣ ቁርጭምጭሚቱ ሃያ ስምንት። ኅዳር ሃያ አንድ ሠላሳ አንድ። ስትጽፍ ቆየችና ብዕሯን አነሳች።

«ይሄን ሁሉ ማነው የለካው?»

«እኔ።»

«ሥራሽ ምንድነው?»

«ጫማ ሠሪ ነኝ።»

ወደ ወረቀቷ ተመለሰች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ልቡ ደክሟል፣ ውሃው ሳንባው ደርሷል፣ በጥቅምት ቢመጣ ብዙ ነገር ይደረግለት ነበር አለችን።

እብጠት። ይሄን ደብተር ከመጀመሪያው ጀምሬ አነበብኩት። ቃሉን አንድም ቦታ አልጻፍኩትም። ጠበበ ብያለሁ፣ ወፈረ ብያለሁ፣ ሰፋ ብያለሁ። በእጄ ይዤው፣ ተንበርክኬ፣ ቁጥሩን አይቼ! ሌላ ሰው ባያውቅ አይፈረድበትም። እኔ እግር ነው የማውቀው፤ ሌላ የማውቀው ነገር የለኝም። ሞቱ እየገባለት እንዲሄድ መንገዱን ያሰፋሁለት እኔ ነኝ።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 1

ዛሬ ትንሽ ተናገረ። በትራስ ደግፈነዋል፤ አፍንጫው ላይ ኦክስጅን አለ።

«ይቅር በለኝ» አልኩት። «አላየሁህም።»

«እንዳታዪ ነው የደበቅሁሽ» አለኝ። «አውቅ ነበር።»

በጥቅምት፣ ያን ቀን ለባብሰው የወጡ ጊዜ፣ ክሊኒክ ነበር የሄዱት። «ዛሬውኑ ሆስፒታል ተኛ» ብለውታል። እሱ ደግሞ «ከኅዳር ሃያ አምስት በኋላ» ብሎ፣ የሰጡትን ወረቀት አጣጥፎ ኪሱ ከትቶ ተመለሰ። እማዬን አስምሏታል።

«እኔ እዚህ ተኝቼ አንቺ ትዘፍኚ ነበር?»

«አልዘፍንም ነበር።»

«እሱን ነው የምልሽ።» ትንፋሹን ሰበሰበ። «አንዴ በእኔ ጣት ምክንያት ቀርተሻል። ስምሽ ተለጥፎ እያለ። ሄጄ አይቼው ነበር፤ አልነገርኩሽም። ሁለተኛ በእኔ እግር አትቀሪም።»

አሥራ ሰባት ዓመት ስጠብቀው የኖርኩት ይሄንን ነበር፤ ሲመጣ ግን ጮህኩበት። «ማን ጠየቀህ! ዘፈኑ ገደል ይግባ! አንተን ነው የምፈልገው እንጂ ዘፈን ምን ያደርግልኛል!» ነርሷ መጥታ ክንዴን ይዛ አስወጣችኝ። ሲወጣልኝ ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ተመልሼ ስገባ እንቅልፍ ወስዶት ነበር። እጁን ያዝኩት።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 4

አባዬ ዛሬ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ አረፈ።

ብርድ ልብሱ አጭር ነበር። እግሩ ወጥቶ ነበር። ሸፈንኩት።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 8

ሰው ይመጣል፣ ሰው ይሄዳል። ግማሾቹ እኛ የሠራነውን ጫማ አድርገዋል፤ ደጃፉ ላይ ሳየው አንጀቴን በላው። አንዷ ለጎረቤቷ፣ «እሷ አጠገቡ መሆኗ ጠቀመው። ከዓይኗ አንድ ነገር አያመልጥም» ስትል ሰማሁ። አላረምኳትም። ሻይ ቀዳሁላት።

ባለቤቴ ፈረቃውን ለውጦ ሚጡን ይዟታል። ዛሬ እግሬን በሞቀ ውሃ አጠበልኝ። ሚጡ «አያቴ እግሩን አመመው እንዴ?» አለችኝ። «ልቡን ነው» አልኳት። «ታዲያ ለምን እግሩ አበጠ?» እሷ እንኳ ትጠይቃለች።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 14

ከእማዬ ጋር ልብሶቹን ስናጣጥፍ ዋልን። ለቀናት ዓይኗን አላይም ብያት ነበር፤ አውቃ ዝም ስላለችኝ። መሐላ ነው፣ ባል ነው፣ ይገባኛል፤ ግን አልቻልኩም። እሷም አልተለማመጠችኝም። ሸሚዝ በሸሚዝ ላይ ደረብን።

ከሰዓት ላይ እማዬ ማጠፏን አቆመች።

«አንድ ነገር ልንገርሽ» አለች። «ካልነገርኩሽ ይገድለኛል። ከዚያ ብትጠዪኝም ጥዪኝ።»

ያን ቅዳሜ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው አልነበረም። ያ በኋላ ነው፣ እኔ ስወጣ ተቀምጦ እንዳገኘው ብሎ በግድ ተነስቶ። ስዘፍን ወለሉ ላይ ነበር፤ በሩ ሥር፣ ግድግዳውን ተደግፎ። ትንፋሹ በጣም ይጮህ ነበር አለች፤ ሁለት ሰዎች ዞረው አይተዋቸዋል።

«አዳራሹ ውስጥ እንዳይሰማ፣ አንቺ እንዳትሰሚው ብዬ በሩን ዘጋሁት። እኔ ነኝ የዘጋሁት።»

«ታዲያ ሰማሁሽ ያለኝ?»

«ወፍራም በር ነው፣ ልጄ። ምንም አይሰማም።»

ሸሚዙን ከእጇ ወሰድኩ። እጥፋቱን ፈትቼ እንደገና አጠፍኩት።

«ለምን አልጠራሽኝም?» አልኳት። «እማዬ፣ አሥር እርምጃ ነበርኩ እኮ። ለምን አልጠራሽኝም?»

ቀና ብላ አየችኝ። ጥያቄው ራሱ የገረማት ትመስል ነበር።

«እንዴት ብዬ ልጥራሽ?» አለች። «እየዘፈንሽ እኮ ነበር።»